«አንቺ በትክክል ምንድን ነሽ?» ለተባለችው የጅማ መምህርት

ጥያቄ፦

ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 37 ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪዬ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ነው። እንደተመረቅኩ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ክፍል ተቀጠርኩ። አንዱ ደራሲ አንዴ በራሱ ስም፣ ሌላ ጊዜ በአባቱ ስም እየገባ እሱን ስናስተካክል እንውል ነበር። ሰለቸኝና ወጣሁ። ቀጥሎ በአንድ የጤና ፕሮጀክት የመረጃ ባለሙያ ሆኜ በዞኑ ጤና ጣቢያዎች ዞርኩ። እዚያ ደግሞ ለአንዷ እናት ሦስት ካርድ ይወጣላታል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አዲስ አበባ ሄጄ ማስተርሴን ሠራሁ። ስመለስ ሬጅስትራር ገባሁ። የተማሪው ስም በማትሪክ ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ በሲስተሙ ላይ ሌላ ዓይነት እየሆነ ዲግሪ ሊታተም ሲል ሁሌ ጭቅጭቅ ነው። አሁን ሌክቸረር ነኝ። ያሳተምኩት አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው።

በቅርቡ ለፒኤችዲ አመልክቼ ቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። ከፓነሉ አንዱ ሲቪዬን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «አንቺ በትክክል ምንድን ነሽ? ላይብረሪያን ነሽ? የጤና ሰው ነሽ? ወይስ የአይቲ ሰው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። አልተቀበሉኝም።

የኮምፒውተር ሳይንስ ባልደረቦቼ «መጽሐፍ ደርዳሪ» እያሉ ይቀልዱብኛል። የቤተ መጻሕፍቶቹ ደግሞ «አንቺማ ጥለሽን ሄድሽ» ይሉኛል። አሁን የቤተ መጻሕፍቱን የዲጂታል ክምችት ክፍል እንድመራ ተጠይቄያለሁ። ባለቤቴ «አርፈሽ አስተምሪ፣ በቃሽ» ይላል። ዕድሜዬን እንዲሁ የበተንኩት ይመስለኛል። ሹመቱን ልቀበል? እንደገና ላመልክት? ወይስ ሁሉንም ልተወው?

ግራ የገባኝ፣ ከጅማ

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። «ዕድሜዬን በተንኩት» ያልሽበት ቦታ ስደርስ ወደ ላይ ተመልሼ ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት። ልብ ብለሽዋል? ካታሎግ ክፍል ሳለሽ የተማረርሽው በስም ነው። ጤና ጣቢያም በስም። ሬጅስትራርም በስም። መሥሪያ ቤቱ ሦስት፣ እሮሮው አንድ። ፓነሉ «ምንድን ነሽ?» ሲልሽ እንዲህ ማለት ይበቃሽ ነበር፦ «አንድ ሰው በተለያየ መዝገብ በተለያየ አጻጻፍ ሲገባ፣ ያው ሰው መሆኑን እንዴት እናውቃለን የሚለውን የማጠና ሰው ነኝ። ችግሩን ከሦስት ወገን ሠርቼበታለሁ።»

ካርድ ክፍልን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ለሌላው አንባቢ ስል ግን ልዘርዝረው። ጫልቱ የምትባል ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ መጣች እንበል። የካርድ ቁጥሯ ያለባት ትንሿ ወረቀት ጠፍታባታለች። ካርድ አውጪው ስሟን ይጠይቅና በስም ወደተደረደረው ሣጥን ይሄዳል። በግዕዝ ፊደል የመዘገባት ሰው «ጫ» ውስጥ አስቀምጧታል። በቁቤ የመዘገባት «ጭ»ን የጻፈው በሲ ፊደል ነው። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ የለመደው ደግሞ ሲኤች አድርጓታል፤ እሱን ቁቤ የሚያነብ ሰው ሲያየው «ቻልቱ» ብሎ ይጠራታል። ወረፋው በር ላይ ደርሷል። ካርድ አውጪው ይፈልጋል፣ ያጣል፣ አዲስ ካርድ ይከፍታል። ባለፈው እርግዝናዋ ደም ግፊት እንደነበረባት የተጻፈው አሮጌው ካርድ ላይ ቀረ። አዋላጇ ፊት የምትቀርበው ጫልቱ ምንም ታሪክ የሌላት ሴት ናት።

ይህ የፊደል ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ይኖራል። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ጥያቄ አላውቅም። መረጃው አለ፤ ተጽፏል፤ ተቀምጧል። በሚያስፈልግበት ሰዓት ግን አልተገኘም። ያንቺ ሙያ የቆመው ለዚህ አይደል?

አሁን ካታሎግሽን አስቢው። በካታሎግ ደንብ የኢትዮጵያዊ ደራሲ መግቢያ የራሱ ስም ነው፤ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም አይቆጠርም። የውጭ ጆርናሎችና ዳታቤዞች ግን መጨረሻ ላይ ያለውን ስም ነው የሚይዙት። አያቱን ጨምሮ የጻፈ ሰው በአያቱ ስም ይገባል። መልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ውስጥ ዕድሜውን ቡና ላይ ሲመራመር የኖረ ሰው፣ ሥራዎቹ በሦስት ስም ተበትነው ሊገኙ ይችላሉ። ከዚያ የኛዎቹ ሆሄያት አሉ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰ፣ ሠ። አ፣ ዐ። ጸ፣ ፀ። ዓለሙና አለሙ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሁለት ሰዎች ናቸው።

ጅማ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ለተመራማሪ ግን ሀብት ነው። እዚያው አካባቢ በየቤተሰቡና በየመስጊዱ በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ ጥንታዊ ጽሑፎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ቋንቋቸው የአገሬው፣ ፊደላቸው ብቻ ዓረብኛ ነው። ስለዚህ የአንድ ሼህ ስም በግዕዝ፣ በቁቤ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ልማድ ተጽፎ ልታገኚው ትችያለሽ። የፈረስ ስምም አለ። የጅማን መንግሥት የመሠረቱት ሰና አባ ጅፋር ናቸው። ሰና የራሳቸው ስም ነው፤ አባ ጅፋር የፈረስ ስማቸው። ጅሬን ላይ ባለው ቤተ መንግሥት የምናስታውሳቸው ደግሞ ሌላ ንጉሥ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር። ካታሎግ ላይ «አባ ጅፋር» ብቻ ብሎ ያለፈ ሠራተኛ ሁለት ነገሥታትን አንድ ሰው አደረገ ማለት ነው። ጫልቱ አንድ ሆና ሦስት ሆነች፤ እነሱ ሁለት ሆነው አንድ ሆኑ። ሁለቱም ያንቺ ጥናት ውስጥ ይገባሉ።

«ፋይዳ መጥቷል፤ ቁጥሩ ሁሉን ይፈታል» የሚልሽ አይጠፋም። ከአሁን ወዲያ ለሚከፈት መዝገብ በጣም ይረዳል። መደርደሪያ ላይ ያለው አሮጌ መዝገብ ግን ቁጥር የለውም። ለተመራማሪዎችም ኦርሲድ የሚባል ባለ 16 አሃዝ መለያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ። በሕይወት የሌለ ደራሲ ግን አካውንት አይከፍትም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1918 ፓተንት የወጣለት ሳውንዴክስ የሚባል ዘዴ ደግሞ አለ፤ በድምፅ የሚመሳሰሉ ስሞችን በአንድ ኮድ ይሰበስባል። የተሠራው ግን ለእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነው። «ጭ»ን ከ«ች» አይለይልሽም። እንግዲህ የሚሠራ ነገር ሞልቷል።

ስለ ፓነሉ ደግሞ ላንሣ። ጥያቄው ከባድ ሆኖ ተሰምቶሻል፤ እውነትም ከባድ ነው። ግን ጥያቄው ወደ ሙያው ራሱ ቢዞር ሙያውም ቶሎ አይመልሰውም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 በዩኔስኮና በካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ የማስተርስ ፕሮግራሙን ሲከፍት፣ ትምህርት ቤቱ የታሰበው ለመላው አፍሪካ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሙያው ቤት ሲቀያይር ኖሯል። አንዱ ቦታ ከኮምፒውቲንግ ጋር ነው፤ ሌላው ቦታ ከጤና መረጃ ጋር ይጠጋል። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከአስተዳደር ጎራ ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ እየሠራ አንድ ወንበር ላይ ብቻ ተቀምጦ የቀረ ሰው ብዙ አታገኚም።

ፖላንዳዊውን ስታኒስላቭ ሆይናትስኪን ውሰጂ። እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ሰው ሆኑ። መጽሐፍ እያሰባሰቡ መስቀልና ሥዕልም ማሰባሰብ ጀመሩ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የቆመው በእሳቸው ድካም ነው። መጨረሻ ላይ ዓለም የሚያውቃቸው በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተመራማሪነታቸው ሆነ። በቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ስማቸው የገነነው ሕንዳዊው ራንጋናታንም እ.ኤ.አ. በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትን ሲረከቡ የሒሳብ መምህር ነበሩ።

ለአንቺ ግን ከሁሉም የምትጠቅምሽ ካረን ስፓርክ ጆንስ ትመስለኛለች። ካምብሪጅ ታሪክና ፍልስፍና ተማረች። ጥቂት ጊዜ ትምህርት ቤት አስተማረች። ከዚያ ቋንቋና ኮምፒውተር ወደሚያጠና የምርምር ክፍል ገባች። እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመችው ሐሳብ ቀላል ነው፦ በሁሉም ሰነድ ውስጥ የሚገኝ ቃል ለፍለጋ ብዙ አይረዳም፤ በጥቂቶቹ ብቻ የሚገኝ ቃል ግን ትልቅ ክብደት ይሰጠው። የፍለጋ ሲስተሞች ይህን ሐሳብ እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። አሁን ወደ ስም አምጪው። ሁለት መዝገብ ላይ «መሐመድ አህመድ» የሚል ስም ብታገኚ፣ ጅማ ውስጥ ምንም አልነገረሽም። በከተማው እምብዛም የማይሰማ ስም ሁለቱም ላይ ብታገኚ ግን አንድ ሰው የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል። የእሷን ሐሳብ ለጫልቱ ካርድ ማዋል ትችያለሽ። ፕሮፖዛልሽ ውስጥ ይህ አንድ አንቀጽ ቢኖር ፓነሉ ቀና ብሎ ያይሽ ነበር።

እነዚህን ሰዎች የጠራሁልሽ ሥራ የቀያየረ ሁሉ ይሳካለታል ብዬ አይደለም። እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። የአመልካቾች ፋይል ሲገመገም አይቻለሁ። አራት ዓይነት ሥራ ያለበት ሲቪ ብቻውን ማንንም አይጥልም። አራት ዓይነት ሥራ ኖሮ አንድ ጽሑፍ ብቻ ሲሆን ግን ገምጋሚው «ይቺ ልጅ ትጨርሳለች ወይ?» ብሎ ይጠራጠራል። ፍርሃቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ፒኤችዲ ረጅም መንገድ ነው፤ ጀምሮ የሚያቋርጥ ብዙ ነው። ስለዚህ እንደገና ከማመልከትሽ በፊት አንድ ተጨማሪ ጽሑፍ ይኑርሽ። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ይበቃል። ገንዘብ ተቀብሎ ሁሉን የሚያትም ጆርናል ጋ ግን እንዳትሄጂ፤ እሱ ከሚጠቅምሽ የሚጎዳሽ ይበልጣል።

ከየት ትጀምሪ? ከጤናው እንዳትጀምሪ። የጅማ ጤና ጣቢያዎች ልብሽ ውስጥ እንዳሉ ደብዳቤሽ ይናገራል። ነገር ግን የሕመምተኛ ስም ለማጥናት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መፈለጉም ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ስሙ ተሸፍኖ ይሰጥሻል፤ ያንቺ ጥናት ደግሞ ራሱ ስሙ ነው። ይህን ለማስረዳትና ለማስፈቀድ ወራት ይፈጃል። የደራሲ ስም ግን ምስጢር የለውም። ከቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ ጀምሪ። ሲስተሙ ብዙ ቦታ የሚሠራበት ኮሃ የሚባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ከሆነ የደራሲዎቹን ዝርዝር አውጥቶ ኤክሴል ላይ ማስቀመጥ ቀላል ነው። ኦፕን ሪፋይን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ተቀራራቢ አጻጻፎችን ሰብስቦ ያሳይሻል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ግን አንቺ ነሽ የምትነግሪው። ያንን ሕግ ጽፈሽ፣ ከሕጉ በፊትና በኋላ ስንት ደራሲ ሁለት ቦታ እንደተገኘ ብታሳዪ ለአንድ ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው። ጤናው ፒኤችዲሽ ውስጥ ይመጣል።

ስለ ሹመቱ የእኔ አስተያየት ተቀበዪው ነው። ግን በቅድመ ሁኔታ። የዲጂታል ክምችት ክፍል ማለት የእያንዳንዱ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእያንዳንዱ መምህር ጥናት የሚገባበት በር ነው። ስም የሚበላሸው እዚያ በር ላይ ነው፤ የሚስተካከለውም እዚያው። የስም አገባብ መመሪያ አውጥተሽ ሥራ ላይ ማዋል ትችያለሽ። ሌላ ተመራማሪ የማያገኘው ላቦራቶሪ በእጅሽ ይሆናል ማለት ነው።

ቅድመ ሁኔታው ምንድን ነው? የማዕረግ ጉዳይ። አካዳሚክ ስታፍ ሆነሽ ትቀጥያለሽ ወይስ ወደ አስተዳደር መደብ ትዛወሪያለሽ? እዚያ የምታሳልፊው ጊዜ ለረዳት ፕሮፌሰርነት ይቆጠርልሻል? የማስተማር ሎድሽ ስንት ይቀነሳል? ሹመቱስ ለስንት ዓመት ነው፤ ፒኤችዲ ቢመጣ ይለቁሻል? ይህን ሁሉ በደብዳቤ ጠይቂ፤ መልሱም በደብዳቤ ይምጣ። «ኧረ ችግር የለም፣ እናስተካክለዋለን» የሚለውን ይዘሽ እንዳትገቢ። ያለው ኃላፊ ነገ ይቀየራል፤ ፋይል ውስጥ ያለ ወረቀት ግን ይቀራል። ማዕረጉን በጽሑፍ ካላረጋገጡልሽ አመስግነሽ ተዪው። ካታሎጉን ለማጥናት ሹመት አያስፈልግሽም።

ሲቪሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። ከላይ አንድ አጭር አንቀጽ ጨምሪበትና ስለ ስም ችግር ተናገሪ። ከዚያ እያንዳንዱ ሥራ ስር ከማዕረጉ ይልቅ እዚያ ስላየሽው የስም ችግርና ስላደረግሽው መፍትሔ ጻፊ። ፕሮጀክቱ ስለተዘጋ መውጣትሽን አትደብቂ፤ ፕሮጀክት ይዘጋል፤ ማንም ያውቃል። የማመልከቻ ደብዳቤሽን ደግሞ በዲግሪዎችሽ አትጀምሪው። በጫልቱ ጀምሪው።

«መጽሐፍ ደርዳሪ» የሚሉሽን ልጆች ተያቸው። አንድ ቀን አብረሻቸው ቡና ስትጠጪ ግን የራሳቸው ጽሑፎች በስንት ስም እንደሚገኙ ፈልገሽ አሳዪያቸው። ከመካከላቸው ኮድ የሚጽፍልሽ ተባባሪ ጸሐፊ ሊወጣ ይችላል። የቤተ መጻሕፍቶቹን ቅያሜ ግን ቀለል አድርገሽ አትዪው። «ጥለሽን ሄድሽ» የሚሉሽ ትፈለጊ ስለነበረ ነው። ሹመቱን ከተቀበልሽ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራሽ ካታሎግ ክፍል ገብቶ ከእነሱ ጋር መቀመጥ ይሁን። ስሞቹን በየቀኑ ሲያስተካክሉ የኖሩት እነሱ ናቸው፤ አንቺ የረሳሽውን ያስታውሱሻል። ጽሑፉ ሲወጣም ስማቸው ይኑርበት።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ «በቃሽ» ያለው ከምን ተነሥቶ እንደሆነ አልነገርሽኝም። ደክሞሽ አይቶ ሊሆን ይችላል። የልጆቹ ነገር አሳስቦት ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ሄደሽ ማስተርስ ስትሠሪ ቤቱን ማን ያዘው? ያን ጊዜ የከበደው ነገር ካለ አሁን ይውጣ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ በሉና «ምኑ ነው የሚያስፈራህ?» ብለሽ ጠይቂው። ስታስረጂው ሳይሆን ስትሰሚው አምሺ። ፒኤችዲ የግድ ጅማን ጥሎ መሄድ ላይሆን ይችላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የተወለደው ከግብርና ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ውህደት ነው። የጤና ሰውና የመረጃ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ ከተማሽ ከብዙ ቦታ ይሻላል። አንድ አማካሪ ከኢንፎርሜሽን ሳይንስ፣ አንድ ከጤና ብትይዢ ጥናትሽ ይቆማል። የትም ብትማሪ ግን በስፖንሰርሺፕ ከሆነ ውሉን አንብቢ። ጨርሰሽ ስንት ዓመት እንደምታገለግዪ፣ ብታቋርጪ ምን እንደምትከፍዪ፣ ዋስ የሚሆንሽ ሰው ምን ላይ እንደሚፈርም ባለቤትሽም አብሮ ይይ።

ለቃለ መጠይቁ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ጥያቄ እንደገና ይመጣል። ሲመጣ ይቅርታ በመጠየቅ አትጀምሪ። «ብዙ ቦታ ተዘዋውሬአለሁ፣ ግን…» አትበዪ። ካርድ ክፍሉን ንገሪያቸው። ሣጥኑን፣ ወረፋውን፣ የጠፋውን ካርድ። ከዚያ «ይህንኑ ካታሎግ ላይም፣ ሬጅስትራርም አግኝቼዋለሁ» በዪ። ሌላውን እነሱ ይጠይቁሻል።

አሁን ግን ከዚያ በፊት ትንሹን ሥራ ሥሪ። የቤተ መጻሕፍቱን ሰዎች ፈቃድ ጠይቂና የደራሲዎቹን ዝርዝር ከሲስተሙ አውጪ። ሙሉውን አትንኪ። በ«አ» እና በ«ዐ» የሚጀምሩትን ብቻ ለይተሽ ጎን ለጎን አስቀምጪና አንድ ሆነው ሁለት የሆኑትን ቁጠሪ። ያገኘሽውን ጻፊልኝ።